ከካርድ ክፍል እስከ መመርመሪያ አልጋ፦ ጤና ተቋምን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጤና ተቋማት መግቢያቸው ላይ መወጣጫ ሠርተው፣ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት በር ላይ ለጥፈው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥሩታል። በዚያ መወጣጫ የገባ ታካሚ ግን ካርድ ክፍል ሲደርስ መስኮቱ ከራሱ በላይ ይሆንበታል፤ መመርመሪያ ክፍል ሲገባ አልጋው ያለ ሰው እርዳታ የማይወጡበት ከፍታ ላይ ይጠብቀዋል፤ ሐኪሙም አልጋ ላይ ሊያወጣው ስላልቻለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሆዱን በልብሱ ላይ ደባብሶ፣ መድኃኒት ጽፎ ይሸኘዋል። መዝገቡ ሲታይ ይህ ሰው ታክሟል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን አልተመረመረም፤ መቀመጫው ላይ የጀመረውን ቁስልም ማንም አላየለትም።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት መሠረት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ፣ ከጉልህ የአካል ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ይኸው ሪፖርት አንዳንድ አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ፣ በስኳር በሽታ፣ በአስም፣ በድባቴና በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸውም እጥፍ እንደሆነ ይገልጻል። ለዚህ ልዩነት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ጤና ተቋሙ፣ መጓጓዣው፣ የመረጃ አሰጣጡና የባለሙያው አመለካከት የሚፈጥሩት መሰናክል ነው። መሰናክል ደግሞ በእጅ የተሠራ ነገር ስለሆነ በእጅ ይነሣል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለጤና ተቋም ኃላፊዎች፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች እንዲሁም ተቋሙን ለውጥ ለመጠየቅ ለሚፈልጉ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነው። ቅደም ተከተሉ የታካሚውን ጉዞ ይከተላል፤ አገልግሎቱ የሚቋረጠው ከጉዞው ውስጥ አንዲት ቦታ ስትዘጋ ነውና።

አንደኛ እርምጃ፦ መንገዱን ከአካል ጉዳተኞች ጋር አብሮ መሄድ

ከማንኛውም ግንባታና ግዢ በፊት የሚሠራው ሥራ ፍተሻ ነው። ፍተሻው በቢሮ ተቀምጦ በቅጽ የሚሞላ አይደለም። ቢያንስ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነውና አንድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለው ሰው ይጋብዙ፤ ለጊዜያቸውና ለእውቀታቸውም ተገቢውን ክፍያ ይክፈሉ። የሚሠሩት የአማካሪነት ሥራ ስለሆነ በውለታ መልክ ሊታይ አይገባም። ከዚያም እንደ አዲስ ታካሚ ሆነው ከመንገድ ዳር ጀምረው ወደ በሩ፣ ወደ ካርድ ክፍል፣ ወደ መቆያው፣ ወደ ምርመራ ክፍል፣ ወደ ላቦራቶሪ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ወደ ፋርማሲና ወደ ገንዘብ መክፈያው ይሂዱ።

በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ነገሮች ይመዝገቡ፦ ሰውየው ያለ እርዳታ መድረስ ቻለ ወይ፣ የሚነገረውን ወይም የሚጻፈውን መረዳት ቻለ ወይ፣ ሌላው ታካሚ የሚያገኘውን አገልግሎት ሙሉውን አገኘ ወይ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ሳይመረመር የተሸኘው ታካሚ የሚገኘው ግን በዚህ ጥያቄ ነው። ፍተሻው በተጨናነቀ ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል፤ ባዶ ኮሪደር ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ኮሪደር ነው፤ አግዳሚ ወንበሮችና ተራ ጠባቂዎች ሲሞሉት ግን ስፋቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የተገኙትን መሰናክሎች በሦስት ይክፈሏቸው፦ ነገ ሊስተካከሉ የሚችሉ (በሩን የዘጋውን ሳጥን ማንሣት፣ ለጥበቃ ሠራተኛው ማስረዳት)፣ በጥቂት ወራትና በመጠነኛ ገንዘብ የሚሠሩ፣ በጀትና ግንባታ የሚጠይቁ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሁልጊዜ ከተጠበቀው ይረዝማል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ጠይቆ መመዝገብ

ተቋሙ ከሚያክማቸው ሰዎች ውስጥ ስንቶቹ አካል ጉዳተኞች እንደሆኑ ካላወቀ ማን እንደቀረበትም ሊያውቅ አይችልም። «አካል ጉዳተኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን አያዋጣም፤ አንዳንዱ ቃሉን ስለሚያፍርበት፣ አንዳንዱ ደግሞ በዕድሜ ምክንያት የመጣን የማየት ወይም የመስማት ችግር እንደ አካል ጉዳት ስለማይቆጥረው «አይደለሁም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ያዘጋጃቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች «አካል ጉዳት» የሚለውን ቃል የማይጠቅሱት ለዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ሰውየው መነጽር ቢያደርግም ለማየት፣ የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀምም ለመስማት፣ ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት፣ ለማስታወስ ወይም ትኩረት ለማድረግ፣ ራሱን ለመንከባከብ (ገላ መታጠብና መልበስ)፣ እንዲሁም በራሱ ቋንቋ ሐሳቡን ለመግለጽና ለመረዳት ይቸገር እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው፦ «ምንም አልቸገርም»፣ «በመጠኑ እቸገራለሁ»፣ «በጣም እቸገራለሁ»፣ «ጭራሽ አልችልም»። ቢያንስ በአንዱ ጥያቄ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም «ጭራሽ አልችልም» ያለ ሰው በቆጠራው ውስጥ ይገባል።

እነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ልቦናና የአእምሮ ጤና ችግሮችን በበቂ ሁኔታ አይዙም፤ ለሕፃናትም አይመቹም። ከ2 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ይኸው ቡድን ከዩኒሴፍ ጋር ያዘጋጀው የተለየ መጠይቅ አለ።

ቁጥሩ ለዕቅድ ይጠቅማል እንጂ ፊት ለፊት ያለውን ታካሚ አይረዳም። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሌላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «አገልግሎቱን በሚገባ እንዲያገኙ ምን እናመቻችልዎ?» የሚል። መልሱ፣ ለምሳሌ «የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ»፣ «ዝቅ የሚል አልጋ»፣ «በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ»፣ «ጸጥ ያለ መቆያ» የሚለው፣ በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ወይም በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ሁሉም ክፍል በሚያየው ቦታ ይጻፍ፤ ሪፈር ሲጻፍም አብሮ ይተላለፍ። አንድ ሰው ከካርድ ክፍል እስከ ራጅ ክፍል ድረስ መስማት እንደማይችል አምስት ጊዜ ማስረዳት የለበትም። የሚመዘገበው የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ የጉዳቱን ታሪክ ለሕክምናው ከማይመለከተው ሠራተኛ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በእኔ ግምት አንድ ተቋም በዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ቢኖረው መሥራት ያለበት ይህንን ነው፤ ወጪው ጥቂት ሆኖ የሚቀጥሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ነውና።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ቀጠሮና ጉዞ

ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ጥሪ ብቻ ከሆነ መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ቀርተዋል፤ የጽሑፍ መልእክት የሚቀበል ቁጥር መኖር አለበት። የማስታወሻ መልእክትም እንዲሁ በታካሚው ምርጫ በድምፅ ወይም በጽሑፍ ይላክ። መግባባት ወይም ወደ አልጋ መዘዋወር ጊዜ ለሚወስድበት ታካሚ እጥፍ የምርመራ ሰዓት ይያዝለት። ብዙ ሕዝብና ጫጫታ ለሚረብሸው ሰው፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ተራ ይመቻል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት መጓጓዣን ከዋነኞቹ መሰናክሎች አንዱ ያደርገዋል። ተቋሙ መኪና ማቅረብ ባይችል እንኳ የላቦራቶሪ፣ የሐኪምና የፋርማሲ ጉዳዮች በአንድ ቀን እንዲያልቁ ማድረግ ይችላል፤ ውጤት ለማየት ብቻ የሚደረግን ምልልስ በስልክ ወይም በቪዲዮ መተካትም ይቻላል። ሆኖም የርቀት ሕክምና አካላዊ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ማድረጊያ ሰበብ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል።

አራተኛ እርምጃ፦ ሕንፃው

መወጣጫ ሲሠራ ወሳኙ ነገር ተዳፋቱ ነው። በብዙ አገሮች ደረጃዎች ውስጥ የተለመደው ከፍተኛ ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 1.2 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎችን የሚተካ መወጣጫ እንግዲህ 5.4 ሜትር ይረዝማል። ቦታ የለም ተብሎ በሁለት ሜትር የሚሠራ መወጣጫ ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ ሰው ገፍቶ ቢያወጣውም ሲወርድ አያስቆምም፤ እንዲህ ያለውን ከመሥራት ሌላ በር መፈለግ ይሻላል። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ላይና ታች ደልዳላ የ1.5 ሜትር ማረፊያ ያለው፣ ጠርዙ ጎማ የሚያግድ ከንፈር ያለው፣ ወለሉ በዝናብ የማያንሸራትት ይሁን። የእጅ መደገፊያው በሁለቱም ወገን ከ86 እስከ 96 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይተከል። ከፍታው ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መሐል ላይ ሌላ ማረፊያ ያስፈልጋል።

በሮች ሲከፈቱ ጥርት ያለ ቢያንስ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ሊሰጡ ይገባል፤ የሚለካው የበሩ ክፈፍ ሳይሆን በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር ስፋቱ ወደ 1.5 ሜትር የሚደርስ ክብ ቦታ ይፈልጋል። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ከፊሉ ተቀምጦ ለሚያነጋግር ሰው ዝቅ ይበል።

መጸዳጃ ቤቱ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከመቀመጫው ጎን ወንበር የሚቆምበት ቦታ ያለው፣ መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በግድግዳው ላይ ክብደት የሚሸከም ብረት የተገጠመለት መሆን አለበት። እንዲህ ተደርጎ ከተሠራ በኋላ የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ተቆልፎ የሚገኘው ምን ያህሉ እንደሆነ የሚያውቀው የተጠቀመበት ሰው ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የሚፈለግለት መጸዳጃ ቤት እንደሌለ ይቆጠራል።

ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የደረጃ ጠርዞች ከወለሉ ጎልቶ በሚለይ ቀለም ይቀቡ፤ የመስታወት በሮች ምልክት ይደረግባቸው፤ የክፍል ስያሜዎች በትልልቅና ከመደቡ በሚለይ ቀለም በተጻፉ ፊደላት፣ ቢቻል በሚዳሰስ ጽሑፍና በብሬል ይሁኑ። ተራ ሲጠራ በድምፅም በሰሌዳም ይሁን፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳነው፣ በሰሌዳ ብቻ ከሆነ ዓይነ ስውሩ ተራው ያልፈዋል። የእሳት ማስጠንቀቂያም ድምፅና ብልጭታ ሁለቱንም ይኑረው።

አገልግሎቱ ያለው ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰር ከሌለ መፍትሔው ታካሚውን በአራት ሰው ተሸክሞ ማውጣት አይደለም። አደጋ አለው፤ ክብርም ይነካል። ለዚያ ታካሚ ምርመራው ወደ ምድር ቤት ይውረድለት፤ በዘላቂነት ደግሞ ክፍሎቹ ቦታ ይቀያየሩ፤ አስተዳደሩ ደረጃ ቢወጣ ማንም አይጎዳም።

አምስተኛ እርምጃ፦ መመርመሪያ ክፍሉ

እዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ተገቢ ነው፤ የሕንፃው ሥራ ሁሉ የተሠራው ሰውየው በሚገባ እንዲመረመር ነውና። ከፍታው የማይለወጥ የተለመደ መመርመሪያ አልጋ ከወለል 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን የተሽከርካሪ ወንበር መቀመጫ ደግሞ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በመካከል ያለው ልዩነት ሰውየው በክንዱ ኃይል ብቻ ሊሻገረው አይችልም። በአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃዎችን የሚያወጣው አክሰስ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመመርመሪያ አልጋዎች የወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፍና ዝቅ የሚል አንድ አልጋ መግዛት የሚችል ተቋም አንዱን ክፍል በዚህ ያደራጅ፤ የትኛው ክፍል እንደሆነም ካርድ ክፍሉ ይወቅ። ካልቻለ ሰፋ ያለ ጠንካራ ዝቅተኛ አልጋ በአናጢ ማሠራት ይቻላል፤ ሐኪሙ ቢያጎነብስ ይሻላል።

ሰውን ከወንበር ወደ አልጋ ማዘዋወር ሙያ ነው። በመጀመሪያ «ብዙውን ጊዜ እንዴት ነው የሚዘዋወሩት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከሰውየው የተሻለ አዋቂ የለምና። የወንበሩ ፍሬን መያዙ፣ የእግር ማሳረፊያው መነሣቱ ይረጋገጣል፤ ሁለቱ መቀመጫዎች በቅርብ ርቀት ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ ለስላሳ የማንሸራተቻ ጣውላ መካከላቸው ይጋደማል። ማንም ሰው በብብቱ ተይዞ መነሣት የለበትም፤ ትከሻ ይጎዳል፤ በተለይ ስትሮክ የመታው ወገን።

አልጋው ላይ ሲወጣ የሚታዩት ነገሮች ወንበሩ ላይ ሆኖ የማይታዩት ናቸው። በመቀመጫ አጥንት፣ በጅራት አጥንትና በተረከዝ ላይ የሚጀምር የግፊት ቁስል ስሜት ለሌለው ሰው አያምም፤ ስለዚህ ታካሚው ራሱ አይናገረውም። መቅላቱ ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ ቁስሉ ተጀምሯል ማለት ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ክብደትም እንዲሁ ነው። መቆም የማይችል ታካሚ ካርድ ላይ የክብደት ቦታው ባዶ ሆኖ ወይም በግምት ተሞልቶ ይገኛል፤ የመድኃኒት መጠን፣ ማደንዘዣ፣ የእርግዝና ክትትልና የልብ ድካም ግን በክብደት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ወንበር የሚገባበት ሰፊ ሚዛን ካለ ሰውየው ከነወንበሩ ይመዘናል፤ ከዚያም ባዶው ወንበር ተመዝኖ ይቀነሳል፤ የወንበሩ ክብደት ካርዱ ላይ ቢጻፍ ሁለተኛ ጊዜ መመዘን አያስፈልግም። ሕፃንን ደግሞ እናቱ ይዛው ተመዝና የእሷን መቀነስ በቂ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ መግባባት

የመጀመሪያው ደንብ ታካሚውን ራሱን ማነጋገር ነው። «ምን ያመዋል?» ብሎ አስታማሚውን መጠየቅ ሰውየውን ከራሱ ሕመም ውጭ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም የተሳሳተ ታሪክ ያመጣል።

መስማት የተሳነው ሰው በምን መንገድ መግባባት እንደሚመርጥ ይጠየቅ። የምልክት ቋንቋ በየአገሩ የተለያየ፣ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው ጽሑፍን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ሊያነበው ስለሚችል ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ሁልጊዜ አያስማማም። አስተርጓሚው የሠለጠነና ምስጢር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ቤተሰብ፣ ከሁሉም በላይ ልጆች፣ አስተርጓሚ መሆን የለባቸውም፤ አንዲት ሴት ባሏ እያስተረጎመ ባሏ እንደሚደበድባት መናገር አትችልም፤ የአሥር ዓመት ልጅም የእናቱን የካንሰር ውጤት እንዲነግራት ሊደረግ አይገባም። ሐኪሙ ሲናገር ታካሚውን ይይ እንጂ አስተርጓሚውን አይይ። ከንፈር ለሚያነብ ሰው ብርሃን በሐኪሙ ፊት ላይ እንጂ ከጀርባው አይሁን፤ አፍን በእጅ ወይም በወረቀት መሸፈን አይገባም፤ መጮህም የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል። አስተርጓሚ በአካል ካልተገኘ በቪዲዮ ጥሪ ማስተርጎም ይቻላል፤ ይህ ግን ጥሩ ኢንተርኔትና ሁለቱም እጆች የሚታዩበት ትልቅ ስክሪን ይፈልጋል።

ዓይነ ስውር ታካሚ ዘንድ የገባ ባለሙያ ስሙንና ሥራውን ይናገር፤ ከመንካቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያስረዳ፤ ከክፍሉ ሲወጣም መውጣቱን ያሳውቅ፤ ለባዶ ክፍል ሕመሙን የሚያስረዳ ታካሚ እንዳይኖር። ሲመራም እጁን ጎትቶ ሳይሆን ክንዱን ከክርኑ በላይ እንዲይዝ አቅርቦለት ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይሂድ። ነጭ በትሩንም ሆነ ተሽከርካሪ ወንበሩን ያለ ፈቃድ መንካትና ማንቀሳቀስ አይገባም።

ንግግሩ ለሚከብድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን እየቀደሙ መጨረስ ይቅር፤ ያልተሰማውን «አልገባኝም፣ እንደገና ይበሉልኝ» ማለት የገባ ከማስመሰል ይሻላል። የሥዕል ወይም የፊደል ሰሌዳ በየክፍሉ ቢኖር ጉሮሮው ቱቦ ለገባበት ሰውም ያገለግላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ፣ በአጫጭር ቃላት፣ ከሥዕል ጋር ይነገር። ከዚያ «ገባዎት?» አይባልም፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ተብሎ መልሶ እንዲያስረዳ ይደረጋል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ፈቃድና ውሳኔ

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ለሌላው ሰው ከሚሰጠው እኩል ጥራትና ዓይነት ያለው ሕክምና እንዲያገኙ፣ ሕክምናውም አውቀውና ወደው በሚሰጡት ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። በሥራ ላይ ሲተረጎም መነሻው ታካሚው መወሰን ይችላል የሚል ነው። ለመወሰን እርዳታ ካስፈለገው ጊዜ፣ ቀለል ያለ መረጃና የሚያምነው ሰው ይቀርብለታል፤ ያ ሰው ያብራራለታል፣ አብሮት ያስባል፣ በእሱ ምትክ ግን አይፈርምም። የፈቃድ ቅጹ ለዓይነ ስውር ሰው ሙሉውን ይነበብለት፤ «ፎርማሊቲ ነው፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ማለት ፈቃድ አይደለም። በተለይ የወሊድ መቆጣጠሪያና ማህፀንን የሚመለከቱ ውሳኔዎች በቤተሰብ ጥያቄ ብቻ ሊፈጸሙ አይገባም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ሕክምናው ራሱ

ሰውየው ገብቷል፣ አልጋ ላይ ወጥቷል፣ ተግባብቷል። የቀረው አደጋ በሐኪሙ አእምሮ ውስጥ ያለው ነው፦ የሚታየውን ምልክት ሁሉ ለአካል ጉዳቱ መስጠት። መናገር የማይችል ልጅ ጭንቅላቱን መምታት ሲጀምር «ያው ባሕርዩ ነው» ይባላል፤ ጆሮው ሲታይ ግን መግል ይዟል፤ ወይም ጥርሱ ታሟል፤ ወይም ሆዱ ደርቋል። በድንገት የመጣ የጠባይ ለውጥ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሕመም ምልክት ይወሰድ። ሐኪሙ ራሱን «ይህ ሰው አካል ጉዳተኛ ባይሆን ኖሮ ይህ ምልክት ምን ያስጠረጥረኝ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያንኑ ምርመራ ይዘዝ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ጉዳቱ የሚያመጣውን የተለየ አደጋ አለማወቅ። ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው የደም ግፊቱ በጤናው ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሚሆን ለሌላው ሰው መደበኛ የሚባል ግፊት ለእሱ አደገኛ ጭማሪ ሊሆን ይችላል። የላይኛው የግፊት ቁጥር ከራሱ የተለመደ ልክ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብና የፊት መቅላት ከታየ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሮቹ ወደ ታች ይውረዱ፣ የጠበቀ ልብስ ይላላ፤ ቀጥሎ ካቴተሩ (የሽንት ማስወጫ ቱቦው) መታጠፉ ወይም መደፈኑ ይታይ፤ በጣም የተለመደው መንስኤ የሞላ ፊኛ ነውና። ከዚያ የአንጀት ድርቀትና የቆዳ ቁስል ይፈተሹ፤ ግፊቱ በየጥቂት ደቂቃው ይለካ፤ ካልወረደ ፈጥኖ የሚሠራ መድኃኒት ይሰጥ። ይህን የማያውቅ ድንገተኛ ክፍል ታካሚውን በጀርባው አስተኝቶ ያባብስበታል። እንዲሁም ስፓይና ቢፊዳ (ከልደት ጀምሮ አከርካሪው በሚገባ ያለመዘጋት ችግር) ያለባቸው ሰዎች ለላቴክስ (ከተፈጥሮ ጎማ ለሚሠራው ነገር) አለርጂ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ጓንትና ካቴተሩ ከላቴክስ ነፃ ይሁን።

የመከላከል አገልግሎትም አይረሳ። አካል ጉዳተኛ ሴቶች የማህፀን በርና የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከሌሎች ሴቶች ባነሰ መጠን ያገኛሉ፤ አንዱ ምክንያት አልጋው ሲሆን ሌላው ደግሞ ባለሙያው የግብረ ሥጋ ሕይወት እንደሌላቸው መገመቱ ነው። ጥያቄው ለማንኛዋም ሴት እንደሚቀርበው ይቅረብ። እግር ማስቀመጫው ላይ መውጣት ለማትችል ሴት በጎን ተኝታ መመርመር ይቻላል፤ የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ባለበት ደግሞ ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ ይህንን የዓለም ጤና ድርጅትም ይደግፈዋል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ መድኃኒቱና መመለሻው

ፋርማሲ የጉዞው መጨረሻ ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ነው። ለዓይነ ስውር ሰው የሚሰጡ ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች በላስቲክ ቀለበት ይለዩ፤ የጠዋቱ አንድ፣ የማታው ሁለት ላስቲክ፤ አወሳሰዱ በራሱ ስልክ ላይ በድምፅ ይቀዳለት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመድኃኒቱ ስም በካርቶኑ ላይ በብሬል መጻፍ ግዴታ ነው፤ ብሬሉ ግን ስሙን እንጂ የሰዓቱን ነገር አይናገርም፤ ላስቲኩ እዚያም ያስፈልጋል። ጣቶቹ ለደከሙ ሰው በቀላሉ የሚከፈት ክዳን፣ መዋጥ ለሚቸገር ሰው ፈሳሽ መድኃኒት ይፈለግ፤ ክኒን ከመፈጨቱ በፊት ሊፈጭ የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ።

ከመሸኘቱ በፊት የድጋፍ መሣሪያው ሁኔታ ይጠየቅ፦ ክራንቹ ጎማ አለው ወይ፣ የወንበሩ ትራስ ሳስቷል ወይ፣ የመስሚያው ባትሪ ይገኛል ወይ። በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ የድጋፍ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙትም። የሳሳ ትራስ ዛሬ ካልተቀየረ ቁስሉ ቢድንም ይመለሳል።

አሥረኛ እርምጃ፦ ሠራተኛውና ክትትሉ

ሥልጠናው ከጥበቃ፣ ከጽዳትና ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ይጀምር፤ ታካሚው መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነሱ ናቸው፤ ከበር የተመለሰ ሰው የሐኪሙን ትሕትና የሚያይበት ዕድል የለውም። አሠልጣኞቹ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ይሁኑ። አካል ጉዳተኛ ነርስ ወይም የካርድ ሠራተኛ የቀጠረ ተቋም ደግሞ ሥልጠናውን በየቀኑ ያገኘዋል።

ቅሬታ በሣጥን ብቻ አይቀበሉ፤ በጽሑፍ መልእክት፣ በድምፅና በምልክት ቋንቋ ቪዲዮም ይሁን። በየሩብ ዓመቱ ከሁለተኛው እርምጃ በተገኘው መረጃ ቀጠሮ ያለፋቸው፣ ክብደታቸው ያልተመዘገበ፣ የጠየቁት ማመቻቸት ያልተሟላላቸው ታካሚዎች ስንት እንደሆኑ ይቆጠር።

በስድስተኛው ወር የመጀመሪያውን ጉዞ ይድገሙት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌሎች ሰዎችን ይጋብዙ፤ የመጀመሪያዎቹ መንገዱን ለምደውታል። ጉዞው ሲያልቅ የእያንዳንዳቸውን ካርድ ገልጠው ይመልከቱ፦ ክብደቱ ተጽፏል፣ አልጋ ላይ ወጥቶ ተመርምሯል፣ የጠየቀው ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ? ባዶ የቀረው ቦታ በየትኛው ክፍል እንደሆነ ይጻፉና በማግስቱ ከዚያ ክፍል ይጀምሩ።